ከባለ 36 ፊልም 38 ፎቶ ማውጣት

የአክስቴ ልጅ ክርስትና ላይ በአንድ ፊልም 41 ፎቶ አንስቻለሁ። ፊልሙ ባለ 36 ነበር። ቆጣሪው 36ን አልፎ ትንሽ እንደሄደ ቆመ፤ እኔ ግን በአፌ መቁጠሬን ቀጠልኩ። 38፣ 39፣ 40። «የዛሬው ፊልም ተባርኳል» እያልኩ ለእንግዳው ሁሉ አወራሁ። 41 ላይ ጠረጠርኩ። ፊልሙን ወደመጣበት ቆርቆሮ የሚመልሰውን መጠቅለያ ባዞረው ምንም አይከብድም። ክዳኑን ስከፍተው ፊልሙ እንደገዛሁት ቆርቆሮው ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንድ ፍሬም፣ ማለትም የአንድ ፎቶ ቦታ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ልጁ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ የክርስትና ፎቶ ግን የለውም። አክስቴ በየበዓሉ ታነሳብኛለች።

ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ከባለ 36 ፊልም ትርፍ ፎቶ ማውጣት ይቻላል። 37 ቀላል ነው። 38 ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለ39 ጨለማ ውስጥ መግባት ግድ ነው። በተራ ካሜራ ከዚያ በላይ በጣም አወጣሁ የሚል ካገኛችሁ፣ እንደ እኔ ፊልሙ አልያዘለት ይሆናልና መጠቅለያውን እንዲፈትሽ ንገሩት።

አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይከተላል፤ ትርፉ ያለው በፊልሙ ራስ (መጀመሪያው) ላይ እንጂ በጅራቱ (መጨረሻው) ላይ አይደለም። ብዙ ሰው ግን ተቃራኒውን ያደርጋል። ፊልም ሲያስገባ ሦስት አራት ፍሬም በከንቱ ያቃጥላል፤ ማለቂያው ላይ ደግሞ አንዲት ፎቶ ለማግኘት ፊልሙን ወደሚቀጥለው ፎቶ ከሚስበው ማዞሪያ ጋር ይታገላል።

ለሁለት ፎቶ ይህን ያህል መድከም ምንድን ነው የሚል አይጠፋም። ሒሳቡን እዩት። በየፊልሙ 2 ትርፍ ካገኛችሁ፣ 18ኛው ፊልም ላይ ስትደርሱ 36 ፎቶ በነፃ አንስታችኋል። አንድ ሙሉ ፊልም ማለት ነው። ፊልም ደግሞ እንደ ድሮው ከየፎቶ ቤቱ ተገዝቶ የሚመጣ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ያለን ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ነው የምናስቸግረው። ዘመዳችሁን ስታስቸግሩ ታዲያ ፊልሙን ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት፣ በእጁ እንዲይዘውና ፍተሻ ላይ በእጅ ፈትሹልኝ ብሎ እንዲጠይቅ አደራ በሉት። የሻንጣ መፈተሻ ጨረር ፊልም ያበላሻል።

ትርፉ ከየት ይመጣል?

ባለ 36 ፊልም ሲዘረጋ 1 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። አንዱ ፎቶ 36 ሚሊሜትር ይወስዳል፤ በሁለት ፎቶ መሀል 2 ሚሊሜትር ክፍተት አለ። ማዞሪያውን አንድ ጊዜ ሙሉ ስትስቡ 38 ሚሊሜትር ፊልም ይሄዳል ማለት ነው። በጠርዙ ቀዳዳዎች ከቆጠራችሁት 8 ቀዳዳ ይሆናል። 38ን በ36 ስታባዙ 1 ሜትር ከ37 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። የቀረው 23 ሳንቲሜትር አካባቢ ለራስና ለጅራት የተተወ ነው።

ፋብሪካው ይህን የተወው ለቸርነት አይደለም። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1934 ዛሬ የምናውቀውን ዝግጁ ቆርቆሮ ከሬቲና ካሜራው ጋር ሲያወጣ፣ ዓላማው ማንም ሰው በቀን ብርሃን ፊልም እንዲያስገባ ነበር። በብርሃን ሲገባ ደግሞ ራሱ መቃጠሉ አይቀርም። አንዱ ሰው ጠንቃቃ ነው፣ ሌላው ዝርክርክ ነው፤ ለዝርክርኩም 36 ፎቶ እንዲደርሰው ተብሎ ነው የተተረፈው። እኛ የምናደርገው የዝርክርኩን ድርሻ ለራሳችን መውሰድ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። ክዳኑን ስትዘጉ ምን ያህሉ ፊልም ብርሃን አይቷል? ከቆርቆሮው አፍ ውጭ ያለው ሁሉ። ሌንሱ ፊት ያለው ፍሬም ተቃጥሏል። በዚህ ፍሬምና በቆርቆሮው አፍ መሀል ደግሞ የአውራ ጣት ስፋት የሚያህል ፊልም አለ፤ እሱም ተቃጥሏል። ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ጊዜ ስታዞሩ ያ የተቃጠለ ቁራጭ ከአዲሱ ፊልም ጋር አብሮ ሌንሱ ፊት ይመጣል። አንዳንድ የፊልም መጀመሪያ ፎቶዎች ባንድ ጎን ቀይና ብርቱካናማ እሳት የበላቸው መስለው፣ በሌላው ጎን ጤነኛ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስታዞሩ ግን የሚመጣው ንጹሕ ፊልም ነው።

ስለዚህ ክዳን ከተዘጋ በኋላ ሁለት ጊዜ ማዞር ይበቃል። ሦስተኛውና አራተኛው ልማድ ነው።

ካሜራችሁ ይፈቅዳል ወይ?

ፊልሙን በእጃችሁ የምታዞሩበት ካሜራ ከሆነ ይፈቅዳል። ፔንታክስ ኬ1000፣ ካኖን ኤኢ-1፣ ኒኮን ኤፍኤም2፣ የሩስያው ዜኒት፣ ሁሉም ይሆናሉ። ክዳኑ ሲከፈት ቆጣሪያቸው ወደ መነሻው የሚመለሱ አሉ፤ ከ1 በፊት ያለውን በ«ኤስ» ፊደል ወይም በነጥብ ያሳያሉ። ያ ምልክት «እዚህ አታንሳ» ማለት አይደለም። ምክር ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

እኔ ጋ አጎቴ ሞስኮ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ዜኒት-ኢ አለ። የእሱ ቆጣሪ በራሱ አይመለስም፤ በጣት አዙራችሁ 0 ላይ ማድረግ አለባችሁ። ይህን ካልረሳችሁ እንዲያውም ይመቻል። የመጀመሪያዋ እውነተኛ ፎቶ ላይ 1 ብታደርጉት እስከ መጨረሻው ትክክለኛውን ይነግራችኋል።

አንዳንድ ካሜራ ግን ከ1 በፊት ፀባዩ ይለያል። ኒኮን ኤፍኢ2ን ውሰዱ። ቆጣሪው 1 እስኪደርስ ድረስ ፍጥነቱን የትኛውም ቁጥር ላይ ብታደርጉት በሰከንድ 1/250ኛ ብቻ ነው የሚያነሳው። የብርሃን መለኪያውም አይሠራም። ይህን የማያውቅ ሰው ትርፍ ፎቶው ሁሉ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ሲያገኘው ፊልሙን ይረግማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፍጥነቱ 1/250 መሆኑን ተቀብሎ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ስፋት) በእጅ ማስተካከል። ጥርት ባለ ፀሐይ፣ የፊልሙ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ከሆነ ኤፍ 11፣ 200 ከሆነ ኤፍ 16፣ 400 ከሆነ ኤፍ 22 ላይ አድርጉ። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ግን ተዉት።

በሞተር ራሳቸው የሚያዞሩት ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ብዙም ሥልጣን የላችሁም። ክዳኑን ስትዘጉ ራሳቸው እስከ 1 ይስባሉ። ከእነሱም ውስጥ ፊልሙን መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ከቆርቆሮው አውጥተው ጠቅልለው፣ እያነሳችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚመልሱ አሉ። ቆጣሪያቸው ወደ ታች ነው የሚቆጥረው፤ 36፣ 35፣ 34። እዚህ ላይ ትርፍ ፍለጋ አትድከሙ። እነሱ ሌላ በጎነት አላቸው። ክዳኑ በስሕተት ቢከፈት ያነሳችሁት ሁሉ ቆርቆሮው ውስጥ ተደብቋል።

አገባቡ

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። የምንፈልገው ትርፍ በሙሉ ያለው እዚህ ነው።

1. መጀመሪያ ካሜራው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። መጠቅለያውን በቀስቱ አቅጣጫ በቀስታ አዙሩት። ከከበዳችሁ ውስጥ ፊልም አለ፤ ክዳኑን እንዳትነኩ። ስንቱ ሰው ነው የወንድሙን ፊልም በዚህ ያቃጠለው።

2. ጥላ ፈልጉ። ውጭ ከሆናችሁ ለፀሐይ ጀርባችሁን ስጡና በገዛ ጥላችሁ ውስጥ ሥሩ። ቆርቆሮውን ከፕላስቲክ ዕቃው የምታወጡትም ያኔ ነው፤ ኪሳችሁ ውስጥ ቀድማችሁ አታውጡት። አንዳንድ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች በፖሊስተር ላይ የተሠሩ ናቸው። ፖሊስተር ብርሃንን እንደ ቧንቧ ከጫፉ ወደ ውስጥ ይወስዳል፤ ቆርቆሮው አፍ ላይ ያለው ቬልቬትም አያቆመውም። እንዲህ ያለ ፊልም ከሆነ ከተቻለ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ አስገቡት።

3. ቆርቆሮውን ቦታው ላይ አስቀምጡ፤ መጠቅለያውን ወደ ታች መልሱት። ከዚያ ምላስ የምትመስለውን የፊልሙን ጫፍ በሌላው ጎን ፊልሙን እስከሚጠቀልለው ተቀባይ ዘንግ ድረስ ብቻ ሳቡ። ከዚያ አታሳልፉ። 4 ሳንቲሜትር የማትሞላ ነገር ስትስቡ አንድ ፎቶ እየሳባችሁ ነው።

4. ጫፏን ዘንጉ ላይ ባለው ስንጥቅ ክተቱ። የዘንጉ ጥርስ ቀዳዳዋን መያዙን እዩ። ጫፏ በሌላ በኩል ረዝማ ከወጣች መልሷት፤ ያቺም ፊልም ናት።

5. እዚህ ላይ ነው ሰው የሚያባክነው። ማዞሪያውን ሦስት ጊዜ ከመሳብ ይልቅ ብዙ ካሜራ ላይ ተቀባዩን ዘንግ ራሱን በአውራ ጣት ማዞር ይቻላል። ቀስ እያላችሁ አዙሩትና የላላውን ምላስ ይጠቅልለው። ከዚያ ማዞሪያውን ሳቡ። የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፊልሙ ሙሉ ስፋቱን ይዞ፣ ከላይም ከታችም ያሉት ቀዳዳዎች ጥርሶቹ ላይ እንዲቀመጡ። ብዙ ጊዜ አንድ ስቦሽ ይበቃል። ሁለቱም ወገን ከተያዘ አበቃ፤ «ለማንኛውም» ብላችሁ አንድ አትጨምሩ።

እዚህ ላይ ግን እንዳትሳሳቱ። ላይኛው ጥርስ ይዞ ታችኛው ገና ምላሷ ቀጭን ክፍል ላይ ከሆነ ክዳኑን አትዝጉ። እኔ ክርስትናው ላይ የተዋረድኩት አንዲት ፍሬም ለማትረፍ ብዬ እዚህ ላይ ስለሰሰትኩ ነው።

6. ክዳኑን ዝጉ። መጠቅለያውን በቀስቱ አቅጣጫ፣ እስኪከብድ ድረስ ብቻ፣ በሁለት ጣት አዙሩ። ቆርቆሮው ውስጥ የላላው ፊልም ይወጠራል። በኃይል አታዙሩት፤ ካጠበቃችሁት ከጥርሱ ይነቀላል።

7. ሸተሩን (የማንሻውን ቁልፍ) ተጫኑና ማዞሪያውን ሳቡ። ዓይናችሁ መጠቅለያው ላይ ይሁን። ማዞሪያውን ስትስቡ መጠቅለያው በተቃራኒው በራሱ ሲዞር ካያችሁ ፊልሙ እየሄደ ነው። ካልዞረ ቁሙ፤ ክፈቱና ከ4 ጀምሩ። በዚህ ሰዓት የሚጠፋው አንድ ፍሬም ነው። በኋላ የሚጠፋው ክርስትና ነው።

8. አሁን ሌንሱ ፊት ያለችው ያቺ ግማሽ ጎኗ የተቃጠለችው ፍሬም ናት። አትጣሏት። እኔ ወረቀት ላይ ቀኑንና የፊልሙን ቁጥር ጽፌ እሱን አነሳባታለሁ። በኋላ ነጋቲቭ (የታጠበውን ፊልም) ስፈልግ ዕድሜ ቆጠበችልኝ። የተቃጠለውን ጠርዝ የሚወዱም አሉ፤ ጀንበር ስትጠልቅ አንስተውባት ቀዩ ከቀዩ ሲገናኝ ያምራል ይላሉ። እንደ ዕድል ነው።

9. እንደገና ሳቡ። ይህቺ የመጀመሪያዋ እውነተኛ ፎቶ ናት። ቆጣሪው ገና 0 ወይም ከዚያ በፊት ያለ ምልክት ላይ ሊሆን ይችላል። ምንም አይደለም። ብርሃኑን ለክታችሁ አንሱ።

እንዲህ ካደረጋችሁ ቆጣሪው 36 ሲል እናንተ 37 ወይም 38 አንስታችኋል። ማለቂያው ላይ ምንም ትግል ሳይኖር ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ከ1 በፊት ባሉት ፍሬሞች ላይ የማይደገም ነገር አታንሱ። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ፣ ታቦቱ ከመቅደስ ሲወጣ፣ እንዲህ ያለው ለመሀል ፊልም ነው። በመነሻው ላይ አበባ፣ በር፣ ድመት ይበቃል። ቢበላሽም አትጣሉም።

ጨለማ ውስጥ

ፊልሙን ሙሉ ጨለማ ውስጥ ብታስገቡት ክዳኑ ሲዘጋ የሚቃጠል ነገር የለም። አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት ፍሬም ትጨምራላችሁ። ወደ 39 የሚያደርሰው ይህ ነው። ለዚህ ተብሎ የተሠራ እጅ የሚያስገባ ጥቁር ከረጢት አለ። ከሌለ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት፣ ማታ፣ በሩ ሥር ፎጣ ተጎዝጉዞ ይሆናል። ገብታችሁ 5 ደቂቃ ቁሙ። ዓይናችሁ ከለመደ በኋላ እጃችሁ ከታያችሁ ጨለማ አይደለም።

እውነቱን ልናገር፣ እኔ ብዙ ጊዜ አላደርገውም። ጥርሱ መያዙን የምታውቁት በጣት ብቻ ነው፤ የመሳሳቱ ዕድል ከጥቅሙ ይበልጣል። የሞተ ፊልም ካላችሁ መጀመሪያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አሥር ጊዜ ተለማመዱ። አሥሩንም ካገኛችሁት ግቡ።

ጅራቱ

ቆጣሪው 36 አልፎ ማዞሪያው አሁንም በቀላሉ ከሄደ አንሱ። ፊልሙ ስላለ ነው። የሚከብድ ከሆነ ግን አበቃ። ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ካለም አበቃ። «ትንሽ ቢገፋ» የሚለውን ሐሳብ ከራሳችሁ አውጡት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። የፊልሙ ጅራት ቆርቆሮው ውስጥ ባለው ዘንግ ላይ የተያዘው በፕላስተር ነው። ማዞሪያው ጉልበት አለው፤ እናንተ በአውራ ጣት የምትገፉት እዚያ ሲደርስ ብዙ ይሆናል። ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ጥርሶቹ ቀዳዳዎቹን ይቀዳሉ፤ የፊልም ፍርፋሪ ካሜራው ውስጥ ይቀራል። ወይ ፕላስተሩ ይለቃል። ፕላስተሩ ከለቀቀ መጠቅለያውን ዓመት ብታዞሩት ፊልሙ ወደ ቆርቆሮው አይመለስም። ሳታውቁ ክዳኑን ከከፈታችሁ 36ቱም ሄዱ። ስለ 37ኛዋ።

ማዞሪያው መሀል ላይ ቆሞባችሁ ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ከካሜራው ሥር ያለችውን መልቀቂያ ቁልፍ ተጫኑ። ማዞሪያው አሁን ጥርሶቹን ስለማይገፋ ቀሪውን መንገድ ይሄድላችኋል፤ ወደ ቦታውም ይመለሳል። በብዙ ካሜራ ሸተሩም ይወጠራል። በዚህ ላይ አንድ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ግን ከፊሉ ካለፈችው ፎቶ ላይ ይደረባል። ያለፈችው የምትወዷት ከሆነች ተዉት። ከዚያ መጠቅለያውን በቀስታ አዙሩ። መጨረሻ ላይ ጠቅ ብሎ ይቀላል፤ ፊልሙ ከተቀባዩ ዘንግ ተላቀቀ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ዙር ጨምሩና ምላሷም ትግባ። ምላሷን ውጭ የምታስቀሩ ከሆነ ጫፏን እጠፏት፤ አለበለዚያ ያነሳችሁትን ፊልም አዲስ መስሏችሁ ደግማችሁ ታነሱበታላችሁ።

መጠቅለያው ባዶ ነገር እንደማዞር ከቀለላችሁስ? ክዳኑን አትክፈቱ። ወይ ፊልሙ ከጅራቱ ለቋል፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልተያዘም፤ ሁለቱም ከውጭ አንድ ናቸው። ካሜራውን እንዳለ ይዛችሁ ጥቁር ከረጢት ያለው ሰው ጋ ሂዱ። ሰው ከሌለ ማታ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ከላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሳችሁ ክፈቱት። ጋቢ አይሆንም፤ ነጭ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። ፊልሙን በጠርዙ ብቻ ይዛችሁ ጠቅልሉና ብርሃን የማያስገባ የፊልም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት። ላዩ ላይ «ቆርቆሮ የለውም፣ በጨለማ ይከፈት» ብላችሁ ጻፉ። በትልልቁ ጻፉ።

ማጠቢያ ቤት

ትርፍ ፎቶ አንስታችሁ ማጠቢያ ቤት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። አጣቢው አልበደለም፤ አልነገራችሁትም። በማሽን ሲታጠብ የፊልሙ ራስ ተስተካክሎ ተቆርጦ መሪ ካርድ ላይ ይለጠፋል። ጅራቱ ደግሞ ከቆርቆሮው ዘንግ ላይ በመቀስ ይቆረጣል። ፊልሙን አንጠልጥሎ የሚያጥብ ከሆነ ጫፎቹ ላይ ቆንጣጭ ይገባል። በራሱ በኩል ምላሷ ስላለች ጉዳቱ እሷ ላይ ያርፋል። በጅራቱ በኩል ግን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ያነሳችኋት 38ኛ መቀሱ ሥር ነው ያለችው። ትርፉን ከራሱ ፈልጉ የምለው ለዚህም ነው።

ስለዚህ ስትሰጡ ቆርቆሮው ላይ «38 ፎቶ አለው» ብላችሁ ጻፉ። በቃልም ንገሩ። የመጀመሪያዋ ግማሽ የተቃጠለች ፎቶ ስካን እንድትደረግ ከፈለጋችሁ ያንንም ተናገሩ፤ ብዙው አጣቢ ብልሽት መስላው ያልፋታል።

ሌላው አቆራረጡ ነው። ነጋቲቭ በ6 በ6 ሲቆረጥ 36 ፎቶ 6 እኩል ቁራጭ ይሆናል፤ 38 ግን ሁለት ፎቶ ያላት እንጭጭ ቁራጭ ታስቀራለች። እሷ በስካነር ማቀፊያ ላይ ቀጥ ብላ አትቆምም፤ ትጠፋለችም። ወይ ሳይቆረጥ ተጠቅልሎ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ወይ መጨረሻዎቹ ሁለት ቁራጮች በ4 በ4 እንዲቆረጡ አድርጉ። አምስቱ በ6፣ ሁለቱ በ4፣ ድምሩ 38።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ራሱን ብርሃን ላይ ያዙት። ጠርዙ ላይ ፋብሪካው ያተማቸው ትንንሽ ቁጥሮች አሉ። ከካሜራችሁ ቆጣሪ ጋር አይገናኙም። የመጀመሪያ ንጹሕ ፎቷችሁ የትኛው ቁጥር አጠገብ እንደወደቀች ጻፉ። ከእሷ በፊት ምን ያህል ንጹሕ፣ ያልተነሳበት ፊልም እንደቀረ ታያላችሁ። ቀርቶ ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ስቦሽ ቀንሱ። ሁለት ሦስት ፊልም ላይ ይህን ካደረጋችሁ ካሜራችሁን ጠንቅቃችሁ ታውቁታላችሁ።

የበለጠ ከፈለጋችሁ

ጥቁርና ነጭ የምታነሱ ከሆነ በረጅሙ የሚሸጥ ፊልም አለ። የተለመደው 30 ሜትር ተኩል ነው፤ 18 ያህል ባለ 36 ፊልም ይወጣዋል። በባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ራሳችሁ ትጠቀልላላችሁ። እዚህ ላይ 39 እና 40 መጠቅለል ትችላላችሁ፤ ግን ሁለት ነገር አለ። ጅራቱን ዘንጉ ላይ በፕላስተር የምትለጥፉት በብርሃን ከሆነ መጨረሻ ያለችው ፍሬም ቀድማ ተቃጥላለች፤ እንደገና ጅራቱ አይታመንም። ሁለተኛው፣ ቤት ለምታጥቡ ሰዎች፣ የብረቱ ማጠቢያ ጥቅልል ለባለ 36 ልክ የተሠራ ነው። ከዚያ የረዘመው ይተርፍና እርስ በርሱ ተጣብቆ ሳይታጠብ ይቀራል። ከፋብሪካ የተገዛ ፊልም ላይ ይህ ችግር የለም፤ 38 ብታነሱበትም ርዝመቱ ያው ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ካሜራውን መቀየር ነው። ኦሊምፐስ እ.ኤ.አ. በ1959 ማይታኒ ዮሺሂሳ የነደፈውን ፔን የተባለ ካሜራ አወጣ። ፔን የተለመደውን ፍሬም ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ፎቶ 18 በ24 ሚሊሜትር ነው። ከባለ 36 ፊልም 72 ይወጣል፤ ከላይ ያለውን አገባብ ከተከተላችሁ 75 እና 76። ካሜራውን ቀጥ አድርጋችሁ ስትይዙት ፎቶው የሚወጣው ቁመቱ ረዝሞ ነው፤ የሰው ምስል ለማንሳት ይመቻል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ፔንታክስ 17 የተባለ አዲስ መጣ፤ እሱም ግማሽ ፍሬም ነው። ነጋቲቩ ትንሽ ስለሆነ ፎቶው ሲተልቅ አሸዋ አሸዋ የሚመስለው ነገር ይጎላል፤ ትልቅ አድርጎ ለማሳተም አይመችም። ለአልበም ግን ምንም አይልም።

እኔ አንድ አሮጌ ፔን ገዝቼ ለሁለት ዓመት ያህል ያዝኩት። ችግሩ አለማለቁ ነው። በጥምቀት የጀመርኩት ፊልም ፋሲካን አልፎ ክረምት ገባበት። ሲታጠብ የጥምቀቱ ፎቶ ላይ የማን ልጅ እንደሆነ የረሳሁት ሕፃን አገኘሁ።